በወደቧ የምትኖረው ከተማ፥ ጅቡቲ

ጅቡቲ ከተማ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከኢትዮጵያ ምድር የሚወጣ ነው። በሶማሌ ክልል ሐደጋላ በተባለው ስፍራ ከጥልቅ ጕድጓድ እየተሳበ በረዥም ቧንቧ ድንበር ተሻግሮ ይደርስላታል፤ ይህም ሥራ ተፈጽሞ የተመረቀው በ2017 ነው። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ከመብራት ኃይሏ ብዙው ከኢትዮጵያ በሽቦ ይመጣላታል። ሽንኵርቷና ቲማቲሟ ከድሬዳዋና ከሐረርጌ ይወርዳል፤ ጫቷም ከአወዳይ ገበያ ተነሥቶ እኩለ ቀን ግድም ሲገባ የከተማው ሥራ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ይላል። አገሪቱ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ቢኖራትም፥ ሊታረስ የሚችለው መሬት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በ2024 በወጣው ቈጠራ የሕዝቧ ቍጥር ከ1 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከዚህም ውስጥ አብዛኛው የሚኖረው በዋናይቱ ከተማ ነው።

እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ፥ የሚታጨድ እርሻ፥ ይህ ነው የሚባል ፋብሪካም የሌላት ከተማ ለውሃውም፥ ለመብራቱም፥ ለምግቡም ዋጋ የምትከፍለው ከምን አግኝታ ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ መልሱ አጭር ነው፤ ባሕሯን እያከራየች ነው። ስለ ጅቡቲ በሚጻፈው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የክሬኖቿ ቁመትና የወደቧ ጥልቀት ነው። እኛ ግን ለነጋዴውም ሆነ ለመንግሥት ሠራተኛው ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ አንድ ዕቃ ከመርከብ ከወረደ በኋላ ከባለቤቱ እጅ እስኪገባ ድረስ ስንት ቀን ይፈጃል የሚለው ነው ብለን እናምናለን። የከተማይቱ ሀብትና ችግር በዚህ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያለፈው ታሪኳም ያሁኑ ኑሮዋም ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢው አስቀድሞ ይወቅልን።

ከተማይቱ የምትገኘው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ፥ በስተ ደቡብ በኩል ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ሲኬድ ቀይ ባሕር ከዓደን ባሕረ ሰላጤ ጋራ የሚገናኝበት፥ ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ግድም የሆነ ባብ ኤል መንደብ የተባለው ጠባብ በር አለ። በስዊዝ ቦይ አድርጎ ከእስያ ወደ አውሮፓ፥ ከአውሮፓም ወደ እስያ የሚመላለስ መርከብ ሁሉ በዚህ በር ሳያልፍ አይሄድም። ስለዚህ ወደ ጅቡቲ ጎራ የሚል መርከብ ከመንገዱ እጅግ አይወጣም፤ የመጀመሪያው ዕድሏም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ መንገድ ዳር ታጁራም፥ ኦቦክም፥ ዘይላም ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ ትልቅ የንግድ ከተማ ሆኖ የቀረ አንድ ስንኳ የለም። ስለዚህ የአቀማመጥ ዕድል ብቻውን ከተማ አይሠራም ማለት ነው።

ፈረንሳዮች በዚህ ዳርቻ እግራቸውን ያስገቡት በ1862 ከአፋር ባላባቶች ጋራ ተዋውለው ኦቦክን በ10,000 ማርትሬዛ ብር በገዙ ጊዜ ነው። ከገዙም በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ሳይሠሩበት ቈዩ። ኋላ ነገሩን ያነሣሣው የድንጋይ ከሰል ነው። ፈረንሳዮች በቶንኪን ምክንያት ከቻይና ጋራ ሲዋጉ፥ እንግሊዞች ገለልተኞች ነን በማለት የፈረንሳይ የጦር መርከቦች በዓደን ከሰል እንዳይጭኑ ስለ ከለከሏቸው፥ የራሳቸው የከሰል ማከማቻ ለማበጀት በ1884 ሙሴ ላጋርድን ወደ ኦቦክ ላኩት። ኦቦክ ግን ለመርከብ መጠለያነት የማይመች፥ ወደ ሐበሻ ለሚወጣ ቅፍለትም አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ1888 ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ፤ የአስተዳደሩም መቀመጫ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከትሎ መጣ። ያን ጊዜ ቦታይቱ በኮራል ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ጥቂት ጉብታዎች ነበረች። ነገር ግን አምቡሊ በተባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ጕድጓድ ሲቈፈር ውሃ ይገኝ ነበርና፥ ግመሎቹን ነድቶ ከሐረር ለወረደ ሲራራ ነጋዴ ይህ ውሃ ከወደቡ ጥልቀት ይበልጥበት ነበር።

ጅቡቲን ከተማ ያደረጋት ግን የምድር ባቡር ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሙሴ ሸፍኔ የሐዲዱን ሥራ ፈቀዱላቸው፤ በ1897 ከጅቡቲ በኩል ሥራው ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ በቆላው እንዲያልፍ ስለ ተወሰነ፥ በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት ባዶ ሜዳ ድሬዳዋ የተባለች አዲስ ከተማ ሆነች። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘቡ አልቆበት በ1907 ከሰረ፤ ሥራውን የወረሰው ሁለተኛው ኩባንያ በ1908 ተቋቁሞ፥ በ1917 ሐዲዱን አዲስ አበባ አደረሰው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፥ የሐዲዱም ወርድ አንድ ሜትር ነበር። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ሰው ዛሬም ለገሀር ሲል የፈረንሳይኛውን የጣቢያ ስም መጥራቱ፥ በአዋሽም ቡፌ ዳዋሽ የተባለው ማረፊያ በስሙ መታወቁ ከዚያ የቀረ ነው። በትርጕም ሥራ ላይ የኖረ ሰው እንደነዚህ ያሉት ቃላት ሳይተረጐሙ መቅረታቸውን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ዕቃው በመጣበት መንገድ ስሙም ስለ መጣ ነው።

ሐዲዱ ከተዘረጋ ወዲህ ቀድሞ የሐረር ቅፍለት ሁሉ ይወርድባት የነበረችው ዘይላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተረሳች። በዘይላ ወደብ ላይ አንድ ድንጋይ እንኳ አልፈረሰም፥ ባሕሩም አልራቀም። ሆኖም የቡናውና የቈዳው ባለቤት በግመል ብዙ ሳምንት የሚፈጀውን መንገድ በባቡር በጥቂት ቀን መጨረስ ስለ ቻለ ፊቱን አዞረ። እንዲህ ያለው ዕጣ ኋላ በጅቡቲም ላይ ደጋግሞ ደርሷል። ኢጣልያኖች ኢትዮጵያን በያዙበት ዘመን የአሰብን መንገድ እስከ ደሴ አበጅተው ንግዱን ከጅቡቲ ለማዞር ሞከሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማይቱ የቪሺን መንግሥት ደግፋ ስለ ነበር፥ እስከ 1942 መጨረሻ ድረስ በእንግሊዞች ተከባ ሕዝቧ በረኃብ ተቀጣ። በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋራ ከተዋሐደች በኋላ ምጽዋና አሰብ ለኢትዮጵያ ንግድ ስለ ተከፈቱ፥ በተለይም አሰብ ተስፋፍቶ ሲሠራ፥ ከጅቡቲ እጅ ብዙ ጭነት ወጣ። በ1967 ደግሞ የስዊዝ ቦይ በጦርነት ምክንያት ተዘግቶ እስከ 1975 ስለ ቈየ፥ ነዳጅና ውሃ ለመቅዳት ጎራ ይሉ የነበሩት መርከቦች መንገዳቸውን ወደ ደቡብ አፍሪካ አዞሩ። በዚያው ዘመን ማዶ ያለችው ዓደን፥ ከዓለም ታላላቅ ወደቦች ትቈጠር የነበረችው፥ ከዚያ ውድቀት ዳግመኛ ሙሉ በሙሉ አልተነሣችም። ጅቡቲ በሰኔ 1977 ነጻነቷን ስታገኝ ደግሞ የኢትዮጵያና የሶማልያ ጦርነት በመነሣቱ ሐዲዱ ተቈርጦ ነበር።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው አንባቢውን በዘመን ቍጥር ለማድከም አይደለም። የጅቡቲ ገበያ የሚደምቀውም የሚከስመውም ብዙውን ጊዜ በራሷ ሥራ ሳይሆን በጎረቤቶቿ ነገር መሆኑን እንዲያስተውልልን ነው። ከሁሉ የበለጠው ለውጥ የመጣው በግንቦት 1998 ነው። ኤርትራ በ1993 ከተለየች በኋላ እንኳ የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ ይገባ ነበር። የሁለቱ አገሮች ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ጭነት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለዚህ ያልተዘጋጀች፥ ያረጁ መጋዘኖችና ጥቂት ክሬኖች ብቻ የነበሯት ከተማ የአንድ ትልቅ አገር ብቸኛ በር ሆነች። ከዚያ ወዲህ ከኢትዮጵያ የውጭ አገር ንግድ ከመቶ 90 የሚበልጠው በእርሷ በኩል ያልፋል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር በ1 ሚሊዮን ሕዝብ ደጅ ይወጣል፥ ይገባል ማለት ነው። በአውሮፓ የሮተርዳም ወደብ በራይን ወንዝ አማካይነት ብዙውን የሚያገለግለው ጀርመንን ነው። ነገር ግን ጀርመን ሃምቡርግና ብሬመን የተባሉ የራሷ ወደቦች አሏት፤ ኢትዮጵያ ግን የላትም፤ ጅቡቲም ከኢትዮጵያ ሌላ እንደ እርሷ ያለ ደንበኛ የላትም።

ከዚህ በኋላ የተሠራው ሥራ በእውነት ትልቅ ነው። በ2000 የጅቡቲ መንግሥት የወደቡን አስተዳደር ለዱባይ ኩባንያ ሰጠ፤ በ2009 በዶራሌ፥ ከከተማው በስተ ምዕራብ፥ ትልልቅ የኮንቴይነር መርከቦችን የሚቀበል ጥልቅ ማቆሚያ ተከፈተ። ከዚያም በ2017 የቻይና ኩባንያ ተካፋይ የሆነበት፥ 590 ሚሊዮን ዶላር ግድም የወጣበት የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ሥራውን ጀመረ፤ በአሮጌው ወደብ ይራገፍ የነበረው ስንዴ፥ ማዳበሪያ፥ ብረታ ብረትና ተሽከርካሪ ወደዚያ ተዛወረ። በዚያው ዓመት ከአፋር ምድር ይወጣል ተብሎ ለሚጠበቀው ፖታሽ የታጁራ ወደብ፥ ለዓሣል ሐይቅ ጨው ደግሞ የጉበት ወደብ ተመረቁ። የዓለም ባንክ በ2020 የኮንቴይነር ወደቦችን የሥራ ቅልጥፍና ሲመዝን፥ ጅቡቲን ከአፍሪካ ወደቦች ሁሉ ቀዳሚ አድርጓት ነበር። ነገር ግን ይህ ሚዛን የሚለካው መርከቡ በማቆሚያው የሚቈይበትን ሰዓት ነው። የባለ ዕቃው ሰዓት የሚቈጠረው መርከቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ይህን ለመረዳት አንድ ሒሳብ እናስላ። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ከባንክ 10 ሚሊዮን ብር በመቶ 15 ወለድ ተበድሮ ዕቃ አዘዘ እንበል። ወለዱ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ብር፥ በቀን 4,110 ብር ግድም ይሆናል። ዕቃው ከወደብ እስከ መጋዘኑ ለመድረስ 40 ቀን ቢፈጅበት፥ የወደቡ ኪራይ፥ የኮንቴይነሩ ዲመሬጅና የመኪናው ዋጋ ሳይቈጠር፥ ለወለዱ ብቻ 164,000 ብር ከኪሱ ወጣ ማለት ነው። ይህን ገንዘብ ነጋዴው አይሸከመውም፤ በሳሙናው፥ በጎማውና በቆርቆሮው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ስለዚህ በዶራሌ የሚባክን እያንዳንዱ ቀን በደብረ ማርቆስና በወላይታ ገበያ ላይ ይከፈላል።

ቀኑስ የት ይባክናል? ከፊሉ በወረቀት ነው። የኤል ሲው ሰነድ ከባንክ ሳይደርስ መርከቡ ይደርሳል፤ በሰነዱ ላይ የዕቃው ክብደት ወይም ስም ትንሽ ተሳስቶ ቢገኝ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን ለማረም ይመላለሳል፤ በዚህ መካከል የኮንቴይነሩ ነጻ ቀን ያልፋል። ከ2012 ግድም ጀምሮ የመልቲሞዳል አሠራር በመስፋፋቱ፥ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ዕቃውን በአንድ የጭነት ሰነድ ከውጭ አገር ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ የሚያደርስ ሆኗል፤ ጉምሩኩም በዚያው ይፈጸማል። ይህ አሠራር ነጋዴውን ወደ ጅቡቲ ከመመላለስና በዶላር ከመክፈል አድኖታል። ነገር ግን በአንጻሩ ዕቃው የት እንደ ደረሰ ለማወቅ የሚቸገር ነጋዴ ሲያማርር እንሰማለን፤ ሞጆም ራሷ በኮንቴይነር የምትጨናነቅበት ጊዜ አለ። ወረፋውን ከባሕር ዳር ወደ መሐል አገር ማዛወር ወረፋውን እንደ ማስቀረት አይቈጠርም።

የቀረው ቀን የሚባክነው በመንገድ ነው። ጭነቱ አብዛኛውን የሚጓዘው በከባድ መኪና ሲሆን፥ መንገዱ ከጅቡቲ በዲክሂል አልፎ በጋላፊ ድንበር ይሻገርና በሚሌና በአዋሽ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ርዝመቱ 900 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ካምሲን የተባለው ትኵስ ነፋስ በሚነፍስበት የበጋ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ሾፌሮችም ከከተማው ውጭ ባለው የመኪና ማቆሚያ ከመኪናቸው ሥር ጥላ ፈልገው ተራ ይጠብቃሉ። በዚያ ሰፈር ከፈረንሳይኛና ከዐረብኛ ይልቅ ዐማርኛ ይሰማል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የተሠራው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ የሚል ርዝመት ያለው፥ 4 ቢሊዮን ዶላር ግድም የወጣበት፥ አብዛኛው ገንዘቡ ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተበደረው ይህ ሐዲድ በጥቅምት 2016 በአዲስ አበባ፥ በጥር 2017 በጅቡቲ ተመርቆ፥ የንግድ ሥራውን በጥር 2018 ጀመረ። በመኪና ሁለትና ሦስት ቀን የሚወስደውን መንገድ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ለመጨረስ ይችላል። ሆኖም የመብራት መቋረጥ፥ በሐዲዱ ላይ የሚገጩት ግመሎችና ከብቶች፥ ከጣቢያው እስከ ነጋዴው መጋዘን የሚያደርስ መንገድና መኪና አለመዘጋጀቱ ሥራውን አጓትተውበታል። የብድሩ መክፈያ 10 ዓመት ሆኖ ሳለ የባቡሩ ገቢ ሊደርስበት ስላልቻለ፥ ኢትዮጵያ በ2018 ከቻይና ጋራ ተነጋግራ መክፈያው ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም አድርጋለች። በ2024 የሥራው አመራር ከቻይናውያኑ እጅ ወደ ሁለቱ አገሮች የጋራ ኩባንያ ተላልፏል።

የባቡሩ መኖር እስከ ምን ድረስ እንደሚጠቅም ያሳየ አንድ ክፉ ጊዜ ነበር። በ2015 በኤል ኒኞ ምክንያት ዝናብ በመቅረቱ ኢትዮጵያ ብዙ ስንዴ ገዛች፥ ዕርዳታም ተላከላት። በ2016 መጀመሪያ ይህ ስንዴ ለገበሬው ከተገዛው ማዳበሪያ ጋራ በአንድ ወቅት ጅቡቲ ደረሰ። ስንዴውም ማዳበሪያውም የሚመጣው ያለ ጆንያ በመርከብ ሆድ ተሞልቶ ነው፤ በወደቡ በጆንያ እየተሞላ፥ እየተሰፋ በመኪና ይጫናል። ማቆሚያው ጥቂት፥ መኪናውም አነስተኛ ስለ ነበር መርከቦቹ ለሳምንታት በባሕር ላይ ተራ ሲጠብቁ ቈዩ። የቆመ መርከብ በቀን የሚከፈልበት ኪራይ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ግን ከገንዘቡ የሚከፋው ሌላ ነበር፤ የራበው ሰው ስንዴውን ነገ ሊቀበል አይችልም፥ የጎጃምና የአርሲ ገበሬም ሰኔ ግም ካለ በኋላ የደረሰለትን ማዳበሪያ ለዘንድሮ እርሻው አያደርገውም። የቱ መርከብ ይቅደም ብሎ መወሰን ያን ጊዜ በወደብ ሹማምንት ትከሻ ላይ የወደቀ ከባድ ፍርድ ነበር። ገና ያልተመረቀው ሐዲድ እንኳ በናፍጣ ባቡር እህል እንዲያጓጕዝ የተደረገው በዚያ ጭንቅ ምክንያት ነው። የማዳበሪያው ግዢ አስቀድሞ በመስከረምና በጥቅምት እንዲፈጸም የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ ሲናገሩ የሚሰማውም ስለዚሁ ነው። ጨረታው አንድ ወር በዘገየ ቍጥር በወደቡ ላይ የሚወርደው መጨናነቅ ከአንድ ወር ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ነጋዴ በጅቡቲ ሊያገኘው ስለሚችለው ጥቅም ጥቂት እንበል። የመጀመሪያው የገንዘቧ መጽናት ነው። ጅቡቲ በ1949 ነጻ ወደብ ስትባል የራሷ ፍራንክ ወጣላት፤ ይህም ፍራንክ በዶላር ተደግፎ፥ በዶላር ልክ ተወስኖ የሚኖር ነው። ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፤ ጦርነትም፥ ድርቅም፥ የመንግሥት ለውጥም መጥቶ ይህ ልክ አልተነካም። ብር ግን በሐምሌ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ፥ አስቀድሞ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ገንዘቡን ያለ ከልካይ ወደ ዶላር የሚለውጥበት አገር ለነጋዴ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ ኤል ሲ ለመክፈት ወራት የጠበቀ ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው የነጻ ንግድ ቀጠናው ነው። በሐምሌ 2018 የተከፈተው ዓለም አቀፍ ነጻ የንግድ ቀጠና ሲጠናቀቅ 4,800 ሄክታር እንዲሸፍን የታቀደ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል 240 ሄክታር ነው። በዚህ ስፍራ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባል፥ ይከማቻል፥ ይከፋፈላል፥ ይገጣጠማል። እኛን የሚያስደንቀን ግን የኢትዮጵያ ነጋዴ አብዛኛው ጅቡቲን እንደ በር ብቻ እንጂ እንደ መጋዘን አለመቍጠሩ ነው። በአንድ ትልቅ መርከብ ብዙ ዕቃ አምጥቶ በቀጠናው አስቀምጦ፥ ዋጋውና የውጭ ምንዛሬው በተመቸ ጊዜ እየከፋፈሉ ማስገባት የዱባይ ነጋዴዎች ለብዙ ዓመት የከበሩበት ዘዴ ነው። ለዚህ ግን በኢትዮጵያ በኩል ያለው የውጭ ምንዛሬ ሕግ መፍቀድ፥ በጅቡቲም በኩል የመጋዘንና የመብራት ዋጋ መርከስ ይገባዋል። የጅቡቲ መብራት ውድ መሆኑ ፋብሪካ ለማቋቋም የሚመጣውን ሰው ሲያስፈራ ኖሯል፤ በ2023 በጉበት የተመረቀው 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ለዚህ የመጀመሪያ ርምጃ ነው።

ከተማይቱ ከወደብ ሌላ የምታገኘው ገቢ ደግሞ አለ፤ ይኸውም የጦር ሰፈር ኪራይ ነው። ፈረንሳዮች ከጥንት ጀምሮ፥ አሜሪካኖች ከ2002 አንሥቶ፥ ጃፓኖች ከ2011፥ ቻይናዎች ከ2017 ወዲህ በዚያው በአንድ ከተማ ዙሪያ ጎን ለጎን ሰፍረዋል። አሜሪካኖች በ2014 ባደሱት ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ግድም ይከፍላሉ። ይህ ገንዘብ ለመንግሥቱ ግምጃ ቤት ደኅና ነው፤ በባልባላ ሰፈር ሥራ አጥቶ ለሚውለው ወጣት ግን እምብዛም አይደርስም። ክሬን የሚነዱት ጥቂቶች ናቸው፤ በጆንያ ተሸካሚነት ይኖር የነበረውም ዕቃው በኮንቴይነር መምጣት ከጀመረ ወዲህ እየቀነሰ ሄዷል።

ለነጋዴ አንድ የሚያሠጋ ነገር አለ፤ እርሱም የውል ነገር ነው። በየካቲት 2018 የጅቡቲ መንግሥት ከዲ ፒ ወርልድ ጋራ የነበረውን የዶራሌ ኮንቴይነር ማቆሚያ ውል ሰርዞ ሥራውን ወሰደ። መንግሥቱ ውሉ የአገሪቱን ሉዓላዊነት የሚጐዳ ነበር ይላል፤ ኩባንያው ደግሞ በለንደን የግልግል ዳኞች ፊት ከስሶ በተደጋጋሚ ተፈርዶለታል። በነገሩ ማን ትክክል እንደ ሆነ ለመፍረድ እኛ አልተቀመጥንም። ነገር ግን የዚህ ክርክር ውጤት በመርከብ ካርታ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ያው ኩባንያ በርበራን አስፋፍቶ በ2021 አዲስ የኮንቴይነር ማቆሚያ ከፈተ፤ በርበራም ለምሥራቁ የኢትዮጵያ ክፍል የቀረበች ናት። ባንድ ወቅት ዘይላን ያስረሳች ከተማ ዛሬ ጎረቤቷን በዐይነ ቍራኛ ትመለከታለች።

ሌላው ሥጋት ባሕሩ ራሱ ነው። ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር በሚያልፉ መርከቦች ላይ ጥቃት በመጣላቸው፥ በ2024 በስዊዝ ቦይ የሚያልፈው መርከብ ቍጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ወደ ጅቡቲ የሚመጣው መርከብ ከሩቅ ምሥራቅ ከሆነ በባብ ኤል መንደብ ማለፍ አያስፈልገውም፤ ሆኖም የኢንሹራንሱና የጭነቱ ዋጋ ለሁሉም አብሮ ጨመረ። ኢትዮጵያም በዚሁ ጊዜ ሌላ በር መፈለጓን በግልጽ ተናገረች፤ በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋራ የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች፥ ይህም ያስነሣው ክርክር በታኅሣሥ 2024 በአንካራ በተደረገው ስምምነት ረገብ አለ። ጅቡቲ በዚያው ዓመት በነሐሴ የታጁራን ወደብ ለኢትዮጵያ ጥቅም ለማቅረብ ሐሳብ ማንሣቷ፥ ትልቁ ደንበኛዋ ዐይኑን ወዴት እንደሚያነሣ መረዳቷን ያሳያል። ታጁራ በባልሆ መንገድ ለአፋርና ለትግራይ የቀረበች ናት፤ ለመቀሌ ነጋዴ ከዶራሌ ይልቅ መንገዱን ታሳጥርለታለች።

ባንድ ነገር ግን የኢትዮጵያም ሆነ የጅቡቲ ሰው ገና ያልተጠቀመበት ሀብት በመንገዱ ላይ በየቀኑ ሲያልፍ ይታያል። ኢትዮጵያ የምታስገባው ዕቃ ከምታስወጣው በክብደት እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ስንዴና ብረት ጭኖ የወጣው መኪናና ፉርጎ ብዙው ባዶውን ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ኮንቴይነሮቹም ባዶ ሆነው ወደ መርከብ ይመለሳሉ። የባዶው መንገድ ነዳጅና ኪራይ የሚከፈለው ዕቃ ባስገባው ነጋዴ ሒሳብ ላይ ተጨምሮ ነው። ይህን የሚያውቅ ላኪ በጭነት ዋጋ ላይ ለመከራከር ጥሩ አቋም አለው። ሰሊጥ፥ ቦሎቄ፥ ሽምብራና ቡና በሚወጣበት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፥ ወደ ታች የሚወርደው ፉርጎና ኮንቴይነር በርካሽ ሊገኝ ይገባዋል። አንዳንድ ላኪዎች በማኅበር ሆነው ጭነታቸውን አስተባብረው ከባቡሩ ኩባንያና ከመርከብ ወኪሎች ጋራ በአንድነት ቢዋዋሉ፥ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚከፍሉት ያነሰ ዋጋ ሊያገኙ ይችላሉ። አስገቢውም በበኩሉ መኪና ሲከራይ የመመለሻው ጭነት ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢጠይቅ፥ ከባዶው ጕዞ የሚገባውን ቅናሽ ለመጠየቅ ይችላል።